ሳርኮማ፡- «ስብ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ዕብጠት

በክንድ፣ በጭን ወይም በጀርባ ላይ የወጣ የማያሳምም ዕብጠት ብዙዎችን ሐኪም ቤት አይወስድም፡፡ «ስብ ነው»፣ «ተጋጭቼ ነው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ፡፡ እርግጥ ነው፣ ከእነዚህ ዕብጠቶች አብዛኞቹ ሊፖማ የሚባሉ ጉዳት የሌላቸው የስብ ዕጢዎች ናቸው፡፡ ጥቂቶቹ ግን ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ሆነው ይገኛሉ፡፡ ችግሩ ሁለቱን ከላይ በማየት ብቻ መለየት አለመቻሉ ነው፡፡

ሳርኮማ ምንድን ነው?

ሳርኮማ ሰውነትን ደግፈውና አያይዘው ከሚይዙ ክፍሎች፣ ማለትም ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከነርቭ፣ ከደም ሥርና ከመሳሰሉት የሚነሳ ካንሰር ነው፡፡ ከ70 በላይ ዓይነቶች አሉት፡፡ በአዋቂዎች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲይዝ፣ በልጆች ላይ ግን ድርሻው ከ10 በመቶ በላይ ነው፡፡ እምብዛም የማያጋጥም በመሆኑ ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ ላይጠረጥረው ይችላል፡፡

ጥርጣሬ ሊያሳድሩ የሚገባቸው ምልክቶች የታወቁ ናቸው፡፡ ከ5 ሴንቲ ሜትር (ከአንድ ሎሚ) የበለጠ፣ በፍጥነት የሚያድግ፣ ከቆዳ ሥር ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ወይም ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመጣ ዕብጠት መመርመር አለበት፡፡ በአጥንት ላይ የሚነሳው ኦስቲዮሳርኮማ ደግሞ በብዛት የሚታየው በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉ ልጆች ጉልበት አካባቢ ነው፡፡ ሌሊት የሚብስና ሳምንታት አልፈውም የማይለቅ የጉልበት ሕመም በኳስ ጨዋታ ተሳቦ መታለፍ የለበትም፡፡ ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸት ደግሞ ውድ ጊዜ ያባክናል፡፡

መጀመሪያ ናሙና፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና

በሳርኮማ ሕክምና ትልቁ ስህተት «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ያለ ምርመራ መቁረጥ ነው፡፡ ዕጢው ሲወጣ የካንሰር ሕዋሳት በቦታው ሊቀሩና በተከፈተው ቁስል ውስጥ ሊበተኑ ይችላሉ፡፡ ያኔ ሕመምተኛው ሁለተኛና ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፡፡ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ በኤምአርአይ ማየት፣ ቀጥሎ በመርፌ ናሙና ወስዶ በፓቶሎጂስት ማስመርመር፣ ከዚያም ሳርኮማ በዋናነት የሚዛመተው ወደ ሳንባ ስለሆነ ደረትን በሲቲ ስካን መመልከት ነው፡፡ የቀዶ ሕክምናው ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

ሕክምናው ምን ይመስላል?

የአብዛኞቹ ሳርኮማዎች ዋና ሕክምና ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤነኛ አካል ጋር አብሮ ማውጣት ነው፡፡ ድሮ ይህ ብዙውን ጊዜ እጅን ወይም እግርን መቁረጥ ማለት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ይፋ የሆነ፣ 43 ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት ግን ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት፣ በሕይወት በመቆየት ረገድ እግርን ወይም እጅን ከመቁረጥ እንደማያንስ አሳየ፡፡ ዛሬ አብዛኞቹ ሕመምተኞች እጅና እግራቸው ይተርፋል፡፡

በአጥንት ካንሰር ላይ ለውጡን ያመጣው ኬሞቴራፒ ነው፡፡ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 በ18 ዓመቱ በኦስቲዮሳርኮማ ምክንያት ቀኝ እግሩ ሲቆረጥ፣ የመዳን ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ግን 15 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር ተነግሮት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር ለ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ፡፡ ያስቆመው ወደ ሳንባው የተዛመተው ካንሰር ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ፡፡ ዛሬ ሕመሙ ሳይዛመት ከተደረሰባቸው ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ተሰጥቷቸው ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይድናሉ፡፡

ሁሉም ሳርኮማ ግን በአንድ መንገድ አይታከምም፡፡ ጂስት የተባለው የጨጓራና የአንጀት ሳርኮማ ለተለመደው ኬሞቴራፒ እምብዛም አይበገርም፤ ኢማቲኒብ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ግን ብዙዎችን ለዓመታት አቆይቷል፡፡ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚያያዘው ካፖሲ ሳርኮማ ደግሞ የሕክምናው መሠረት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው፡፡

ተስፋው ምን ያህል ነው?

በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት፣ ለስላሳ አካላትን የሚያጠቃው ሳርኮማ በተነሳበት ቦታ ሳለ ከተደረሰበት፣ ከ100 ሕመምተኞች 80 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ፡፡ ወደ ሩቅ የአካል ክፍል ከተዛመተ በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 15 ያሽቆለቁላል፡፡ ያም ሆኖ ሳንባ ላይ የታዩት ዕጢዎች ጥቂት ከሆኑ በቀዶ ሕክምና ወጥተው የሚድኑ አሉ፡፡ አብዛኛው ማገርሸት የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለሆነ፣ ከሕክምና በኋላም የክትትል ቀጠሮን ማክበር ግድ ነው፡፡

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ወረፋው ረጅም ነበር፡፡ ሕክምናው እንዲህ ውስን በሆነበት አገር በጊዜ መድረስ ይበልጥ ዋጋ አለው፡፡ እናም ዕብጠት ሊወጣልዎ ቀጠሮ ከተያዘልዎ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፡- ምን እንደሆነ በምን ታወቀ? ናሙና መውሰድ አያስፈልግም ወይ? የሚወጣው ዕጢስ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል? ጥያቄዎቹ ድፍረት አይደሉም፤ እግርን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያተርፋሉ፡፡