ስንት ሰው ገባ ሳይሆን ስንቱ ፈልጎን መጣ?

በየከተማው ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ታክስ የሚሠሩ ቢሮዎችና የጉዞ ወኪሎች ድረ ገጻቸውን ጎግል ላይ ከፍ እንዲያደርግላቸው ለባለሙያ ይከፍላሉ። በወሩ መጨረሻ አንድ ግራፍ ይመጣል። መስመሩ ወደ ላይ ከወጣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ክፍያውም ይቀጥላል።

ችግሩ፣ ግራፉ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ጎብኚ ነው። አንድ ሰው ሊንኩን ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከለቀቀው ቁጥሩ በአንድ ቀን ይዘላል፤ ባለሙያው ግን ምንም አልሠራም። እንዲህ ያለው ጎብኚ ምንጩ ስለማይታወቅ አብዛኛውን ጊዜ «ዳይሬክት» ተብሎ ይመዘገባል።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ጎግል አናሊቲክስ ላይ «ትራፊክ አክዊዚሽን» የሚለውን ሪፖርት ከፍቶ ቻናሉን «ኦርጋኒክ ሰርች» ብቻ ማድረግ ነው። በማስታወቂያ የመጣው «ፔይድ ሰርች» ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል።

ይህም ቢሆን ግማሽ መንገድ ነው። የቤታችሁን ስም ጽፎ የመጣ ሰው ድሮም ያውቃችኋል፤ ለእሱ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። አናሊቲክስ ሰዎች የጻፉትን ቃል አያሳይም፤ ጎግል ከ2011 ጀምሮ መደበቅ ጀምሯል። ሰርች ኮንሶል ግን ከፊሉን ያሳያል። እዚያ ገብታችሁ ስማችሁ ያለበትን ፍለጋ አስወጡ። የቀረው ነው ገንዘብ የሚከፈልበት።

እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ሰርግ»፣ ሌላው «ሠርግ»፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል እንደመጣለት ይጽፋል። ማጣሪያው ላይ አንዱን ብቻ ካስገባችሁ ሌላው ያመልጣል። ሰርች ኮንሶል ከ2021 ወዲህ ሬጌክስ ስለሚቀበል ሁሉንም አጻጻፍ በቁም መስመር እየለያችሁ «ሰርግ|ሠርግ» ብላችሁ አንድ ላይ ማስገባት ይቻላል።

ካለፈው ዓመት ጋር ስታወዳድሩም ጾሙን አትርሱ። ሰርች ኮንሶል የ16 ወር መረጃ ስለሚይዝ ማወዳደሩ ቀላል ነው፤ ግን በ2024 ፋሲካ የዋለው ሜይ 5፣ በ2025 ደግሞ ኤፕሪል 20 ነበር። የጾም ምግብ የሚሸጥ ቤት በ2024 ኤፕሪሉ በሙሉ ጾም ነበር፤ በ2025 ግን የወሩ መጨረሻ ፍስክ ሆነ። በዚያ ወር «የጾም በያይነቱ» ብሎ የሚፈልገው ሰው ቢቀንስ፣ ባለሙያውን ከማባረራችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን እዩት።