ቆሞ ሳለ ስለሚንቀጠቀጥ የናፍጣ ፒክአፕ መኪና፤ ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት ሊመረመር የሚገባው

በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚቆመው አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ መኪና ዘርና ማዳበሪያ የሚጓዝበት፤ የከብት ክትባትም ከበረዶ ጋራ በሣጥን ሆኖ የሚጫንበት ስለ ሆነ፤ በግንቦትና በሰኔ ወር አንድ ሳምንት ከሥራ ቢጎድል ጉዳቱ የመኪና ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዝናም የመኪናን መጠገን አይጠብቅምና። ስለዚህ አስተዳዳሪው የመኪና ነገር የሾፌርና የመካኒክ ብቻ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም። ብሎን ይፍታ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ምን እንደ ተመረመረ፤ ምንስ እንደ ቀረ ጠይቆ ለመረዳት የሚበቃ ዕውቀት ያስፈልገዋል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚዠምረው እንዲህ ነው። መኪናው ቆሞ፤ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ፤ ሞተሩ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት በዝግታ ሲዞር ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወይም መኪናው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ «ፖምፓው ሞቷል» ይላል። ይህን ማለቱ ከክፋት አይደለም፤ ፖምፓ ዋጋው ውድ፤ ምሥጢሩም የማይታይ ስለ ሆነ ጥፋትን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ይቀላልና። ኃላፊውም ቃሉን ተቀብሎ መኪናውን ወደ ከተማ ይሰዳል፤ ፖምፓው ይፈታል፤ የመንግሥት ገንዘብ ይከፈላል፤ መኪናውም ተመልሶ በሳምንቱ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል። በሽታው በአንዲት በተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ላይ ኖሮ ማንም አላያትም ነበር።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይሠራም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ባሳየው ዘዴ፤ በሲሊንደር ውስጥ በኀይል የታመቀ አየር እጅግ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር ለያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚረጨው ናፍጣ ከአንዲት የውኃ ጠብታ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ ትንሽ መጠን ላይ ጥቂት አየር ቢቀላቀል፤ ወይም ከሚረጩት ኖዝሎች አንዱ አሳንሶ ቢረጭ፤ ሞተሩ ወዲያው ያስታውቃል፤ በመንገድ ላይ ብዙ ናፍጣ ሲጠጣ ግን ያው ጉድለት ተሸፍኖ ያልፋል። «ሲሄድ ደኅና ነው፤ ሲቆም ብቻ ይታመማል» የሚባለው ስለዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል፤ ከ1990 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ዠምሮ በቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ የተገጠመውን ዋን ኤች ዜድ የተባለውን ሞተር መመልከት ይበቃል። ይህ ሞተር ስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሳንቲ ሜትር ኩብ ስፋት ያለው ሲሆን፤ በሚኒሞ በደቂቃ 650 ዙር ገደማ ይዞራል። ከሰልባትዮው ናፍጣውን የሚስበው ትንሽ ፖምፓ ከዋናው ፖምፓ ሆድ ውስጥ ነው። ይህ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦ ሁሉ የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ ናፍጣ የያዘ ስለ ሆነ፤ ቱቦው ቢሰነጠቅ ወይም ፋሼታው ቢላላ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ሾፌሩ ከመኪናው በታች ተመልክቶ ምድሩ ደረቅ ስለ ሆነ «የሚያፈስ የለም» ቢል፤ እውነቱን ተናግሮ ሳለ ተሳስቷል።

እንግዲህ አስቀድሞ ድምፁን ለይቶ መስማት ይገባል። ሞተሩ እንደሚተነፍስ ሰው በልክ ከፍ ዝቅ የሚል የሆነ እንደ ሆነ፤ አየር ወይም የናፍጣ እጥረት መጠርጠር አለበት። አንድ እግሩን እንደሚያነክስ በቅሎ ምቱን አንድ እየዘለለ የሚሄድ የሆነ እንደ ሆነ ግን፤ ከሲሊንደሮቹ አንዱ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

አየር የተጠረጠረ እንደ ሆነ፤ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ በናፍጣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ መጫን ነው። ወዲያው ጠንክሮ እጅን የሚመልስ ከሆነ ቱቦው ሙሉ ነው፤ ልል ሆኖ ብዙ ጊዜ ከተገፋ በኋላ ብቻ የሚጠነክር ከሆነ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሰልባትዮው ተመልሷል፤ በስፍራውም አየር ገብቷል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው ቱቦ ምትክ አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገጠም፤ የአየሩ አረፋ ሲያልፍ በዐይን ይታያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን የጀሪካኑ ነው። ንጹሕ ናፍጣ የተሞላ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ባለ ስፍራ፤ ከማራገቢያውና ከጢስ ቱቦው ርቆ በደንብ ይታሰራል። የፖምፓው መሳቢያ ቱቦ ከጀሪካኑ እንዲስብ፤ የመመለሻውም ቱቦ ወደዚያው እንዲመልስ ተደርጎ ሞተሩ ይነሣል። የቀረው አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ ድምፁ የጸና እንደ ሆነ፤ ፖምፓው ንጹሕ ነው፤ በደሉ ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ነው። ለዚህ ፈተና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ወደ ከተማ ለመሄድና ለመመለስ ግን ስንት ቀን እንደሚፈጅ እያንዳንዱ ወረዳ ያውቀዋል።

የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻም በጭቃ ይደፈናል። መኪናው ጥቂት ከሄደ በኋላ የሚታመም፤ ክዳኑ ሲከፈትም አየር በፉጨት የሚስብ ከሆነ፤ የሚያስፈልገው መድኀኒት መተንፈሻውን ማጽዳት ብቻ ነው።

በክረምት ደግሞ ውኃ አለ። ናፍጣ በበርሜል በሚቀመጥበት ወረዳ በርሜሉ ውጭ ቀጥ ብሎ ከቆመ፤ በራሱ ላይ ባለው ከንፈር ውስጥ የዝናም ውኃ ይጠራቀማል። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው አየር በቡሹ በኩል ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ያንኑ ውኃ መልሶ ይስባል፤ ቡሹ የጠበቀ ቢመስልም ቅሉ። ስለዚህ በርሜሉን ሁለቱ ቡሾች በአግድም ትክክል እንዲሆኑ አድርጎ በጎኑ ማስተኛት ይገባል፤ የግድ የሚቆም ከሆነም ውኃው ወደ ቡሹ እንዳይደርስ አዘንብሎ ማቆም ነው። የተንከባለለ በርሜል ሌሊቱን ሳያርፍ አይቀዳ፤ የመጨረሻውም አተላ ወደ መኪና አይግባ። ውኃ መኖሩን ለማወቅ፤ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ጥቂት አላልቶ በጠርሙስ መቀበል ነው፤ ናፍጣ ስለሚቀልል ውኃው በታች ተለይቶ ይታያል።

ምቱን የሚዘልል ሞተር የሆነ እንደ ሆነ፤ ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ ከሚሄዱት የብረት ቱቦዎች የአንዱ ዳዶ በኖዝሉ ዘንድ ጥቂት ይላላል፤ ከዚያም ጠብቆ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዳዶው ሲላላ ድምፁ የሚለወጥ ከሆነ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ድምፁ ያልተለወጠበት ግን በሽተኛው እርሱ ነው። ይህን ሥራ ያልለመደ ሰው አይንካው። ናፍጣው ከኖዝሉ የሚወጣው በ150 አትሞስፌር ገደማ ኀይል ነው፤ ይኸውም ከመኪና ጎማ ነፋስ 50 እጥፍ ያህል የሚበልጥ ስለ ሆነ ቆዳን በስቶ ይገባል። ዳዶው በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን፤ መነጽር ይደረግ፤ እጅና ፊት ይራቁ። ናፍጣ ቆዳውን የበሳው ሰው ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህል እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ኮመን ሬል የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ አዲሶች ሞተሮች ግን ኀይላቸው ከ1,000 አትሞስፌር ስለሚበልጥ ይህ ፈተና በእነርሱ ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በሽተኛው ከታወቀ በኋላ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ኖዝል ጋራ ማለዋወጥ ነው። በሽታው ኖዝሉን ተከትሎ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ ኖዝሉ ይጠገን። በቀድሞው ስፍራ ከቀረ፤ የእመቃው ኀይል ይለካ፤ የባልቦላዎቹም ርቀት ይታይ፤ በዋን ኤች ዜድ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፤ የመውጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ፤ ጧቱም ብርድ ስለ ሆነ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ነጭ ጢስ እያወጣ ቢንቀጠቀጥና ሲሞቅ ቢተው፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን መመርመር ይበቃል። ሞተሩ ራሱ በእኩል ድምፅ እየዞረ ገላው ብቻ የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ፤ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ተቀደው እንደ ሆነ ይታይ።

የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ዙሩን ከፍ ማድረግ መንቀጥቀጡን ይሸፍናል፤ ጉድለቱ ግን በዚያው አለ፤ መካኒኩም በኋላ ምልክቱን ያጣዋል። ስለዚህ ምርመራው ሳያልቅ ይህን ብሎን ማንም እንዳይነካ ማዘዝ ይገባል።

ፖምፓም ያረጃል። በተለይ ውኃና አፈር ያለበት ናፍጣ የጠጣ ፖምፓ ውስጡ ይፋቃል፤ ሞተሩም ሲሞቅ፤ ናፍጣው ስለሚቀጥን በተፋቀው በኩል ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ በደኅና የሚነሣ፤ ሞቆ ሲጠፋ ግን ለመነሣት የሚያስቸግር፤ ርጥብ ጨርቅ በፖምፓው ላይ ሲደረግም የሚሻለው መኪና፤ በጀሪካን ናፍጣ ካልጸና ፖምፓው ሊፈታ ይገባዋል። ይህም መለኪያ ባለው ቤት እንጂ በየመንገዱ አይሆንም። መኪናው ሲላክ፤ የጀሪካኑ ፈተና ያሳየው፤ ዝም ያለው ሲሊንደር ቍጥር፤ የጢሱም መልክ በደብዳቤ ይጻፍ፤ ከፊልትሮው የወጣውም ናፍጣ በንጹሕ ጠርሙስ ሆኖ ከደብዳቤው ጋራ ይላክ።