ከ«ጎሚኒ» እስከ «አስይዝ»፦ የፒካፕ ጥገና ቃላት ለተርጓሚ የሚያስተምሩት

የሙያ ቃላት ስያሜ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጫፎች መካከል ይመላለሳል። አንደኛው ወገን ባዕድ ቃል ሁሉ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር በወጣ ቃል ይተካ ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ ባለሙያው የለመደው ቃል አይነካ ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘነጋሉ፤ ይኸውም ቃሉ በሥራ ላይ ሲውል ሠሪውን ምን ያስደርገዋል የሚለው ነው። ይህን ለማሳየት ተራ የሆነ ሥራ መርጠናል። ሥራውም አንድ የፒካፕ መኪና ባለቤት በግቢው ውስጥ የባሌስትራውን ያረጁ ጎሚኒዎች በአዲስ የሚለውጥበት ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቅ። እንደ ቶዮታ ሂሉክስ ባሉ ፒካፖች ከኋላ በኩል ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ስብስብ ነው። ዋናው ብረት በሁለት ጫፎቹ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሠራል። የፊተኛው ቀለበት በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይያያዛል፤ ባሌስትራው በጭነት ሲዘረጋ ርዝመቱ ስለሚለወጥ ግን የኋለኛው ቀለበት የሚንጠለጠለው ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ማያያዣ ነው። በቀለበቱና በቡሎኑ መካከል ገብቶ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያደርገው የጎማ ቱቦ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው። ቱቦው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሁለት ቁራጭ ከግራና ከቀኝ የሚገባ ልቅ ጎማ ነው፤ ሌላው ከውስጥና ከውጭ ከብረት እጅጌዎች ጋር በሙቀት ተጣብቆ የተሠራ ነው። ይህ ሁለተኛው አይንሸራተትም፤ እንቅስቃሴውን የሚያስተናግደው ጎማው ራሱ በመጠምዘዝ ነው። ጎማው ሲሰነጠቅ፣ ሲደርቅ ወይም ዘይት ነክቶት ሲላሽቅ መኪናው በጎርባጣ መንገድ ላይ ይንኳኳል፤ የኋላው አክስልም ከቦታው ፈቀቅ ስለሚል መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ያስቸግረዋል።

ስሙን በተመለከተ በጋራዦቻችን ሁለት ቃላት ይሰማሉ። አንደኛው «ጎሚኒ» ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ እንደ ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ክሪክ፣ ሞርሳና ካቻቢቴ ያሉ ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ ጥገናው ሙያ ገብተዋል። «ጎሚኒ»ም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በጣሊያንኛ ነጠላው «ጎሚኖ»፣ ብዙው «ጎሚኒ» ሲሆን፣ አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ተቀብሎ «ጎሚኒዎች» ሲል በራሱ ሕግ ያበዛዋል። «ጎማ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ በተለይ ለተሽከርካሪው እግር መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ትንሹ ክፍል የራሱ ስም ማግኘቱ ለቋንቋው ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ቃል «ቡሽ» ነው። ይህ ከእንግሊዝኛ መጽሐፎች ጋር የመጣ ሲሆን ሁለት ችግር አለበት። በአንድ በኩል በየቤቱ «ቡሽ» ማለት የጠርሙስ ውታፍ ነው። በሌላ በኩል እንግሊዝኛው ራሱ ቃሉን በቅባት ለሚንሸራተት የነሐስ ቱቦም፣ ለማይንሸራተት የጎማ ቱቦም ይሰጠዋል። በአንድ ስም የተጠሩ እነዚህ ሁለት ነገሮች አያያዛቸው ተቃራኒ ነው፤ ነሐሱ ግራሶ ይፈልጋል፣ የተፈጥሮ ጎማ ግን ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ቅባት ሲነካው ያብጣል፣ ይላሽቃልም። ስለዚህ መመሪያውን በጅምላ «ቡሹን ግራሶ ቀባ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አዲሱን ጎማ ገና ሳይሠራ አበላሸው ማለት ነው። ለማስገባት የሚያስፈልገው ማለስለሻ የሳሙና ውኃ ነው።

«ንዝረት አብራጅ» የመሰለ አገርኛ ቃል ቢፈጠርስ? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስያሜው መልካም ቢመስልም የዕቃውን ግማሽ ሥራ ብቻ ይገልጻል፤ ጎሚኒ ንዝረት ከማብረዱ ሌላ መጋጠሚያው እንዲታጠፍ ያስችላልና። ከዚህም በላይ ያው ስም «አሞርዛተር» ለሚባለው ዕቃ የበለጠ ስለሚስማማ፣ አንድን ግራ መጋባት አስወግደን ሌላ እንተክላለን። ስለዚህ የጎማውን «ጎሚኒ»፣ የነሐሱን «ቡሽ» ብሎ መለየት የተሻለ መስሎ ይታየናል።

አሁን ወደ ሥራው ቅደም ተከተል እንለፍ። መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ ከመሬት በማይነሡት ጎማዎች ሥር ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረጋል። ቀጥሎ በክሪክ ይነሣል። እዚህ ላይ ተርጓሚው እጅግ ይጠንቀቅ። መመሪያዎቹ የሚያነሣውን መሣሪያና አንሥቶ የሚያቆመውን የብረት መደገፊያ በሁለት ቃላት ይለያሉ። ሁለቱንም «ክሪክ» ብሎ መተርጎም አንባቢው በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እንዲገባ መፍቀድ ነው። ክሪክ ሊንሸራተት ወይም ዘይቱ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ «ክሪክ ያነሣል፤ መደገፊያ ይሸከማል» የሚለው ልዩነት በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሊጠበቅ ይገባል።

ሻንሲው በመደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ አክስሉ ለብቻው በክሪክ ይደገፋል፤ የዛጉት ዳዶዎች ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ይርሳሉ፤ ማያያዣው ይፈታል። አሮጌው ጎሚኒ በሞርሳ ወይም በረጅም ቡሎን፣ በቧንቧ ቁራጭና በሮንዴላ እየተገፋ ይወጣል፤ ቀለበቱ ከዝገት ይጸዳል፤ አዲሱም ይገባል። ይህ ሁሉ በቤት የሚቻል ነው። ከፊት በኩል ያለውን የታመቀ ሞላ መፍታት ግን ልዩ መሣሪያና ልምድ የሚጠይቅ አደገኛ ሥራ ስለ ሆነ ለጋራዥ መተው ይገባል።

የመጨረሻው ደረጃ የስም ሳይሆን የግሥ ጉዳይ ነው። መመሪያው በመጀመሪያ ዳዶው በጥርሱ ገብቶ እንዲያዝ፣ ከዚያ መኪናው ወደ መሬት እንዲወርድ፣ በመጨረሻም በተወሰነው ልክ እንዲጠብቅ ያዛል። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ባሌስትራው ጭነት ሳያርፍበት ቡሎኑ ከጠበቀ፣ የተጣበቀው ጎማ በዚያው አቀማመጥ ይታሰራል፤ መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ቆሞም ሆነ ሲሄድ እንደ ተጠመዘዘ ስለሚኖር ጊዜው ሳይደርስ ይቀደዳል። ሁለቱን ትእዛዛት «አጥብቅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሰዋስዉ የማይነቀፍ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ነገር ግን የሰውየው ድካምና ገንዘብ ከንቱ ይቀራል። አማርኛ ለዚህ ቃል አላነሰውም። «አስይዝ» ማለት ዳዶው እንዳይወድቅ ብቻ ማሰር ነው፤ «አጥብቅ» ማለት ጉልበትን እስከ ልኩ መጨመር ነው። ስለዚህ ትርጉሙ «ዳዶዎቹን አስይዝ፤ መኪናውን አውርድ፤ በራሱ ጎማ ከቆመ በኋላ በመመሪያው በተሰጠው ልክ አጥብቅ» ሊሆን ይገባል። ልኩም ከየመኪናው መመሪያ የሚወሰድ እንጂ በግምት የሚሰጥ አይደለም።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮችን መጨበጥ ይቻላል ብለን እናምናለን። ባለሙያው የለመደው ቃል ሁለት ነገሮችን እስካላደባለቀ ድረስ ባዕድ ነው ተብሎ ብቻ አይጣል። አንድ ባዕድ ቃል በምንጩ ቋንቋ ሁለት ነገሮችን የሚጠራ ከሆነ፣ አማርኛ ያንን ጉድለት የመውረስ ግዴታ የለበትም። በመጨረሻም የሙያ ቃላት ዝርዝር ስታዘጋጁ ግሦችን ከስሞች እኩል መዝግቡ፤ የዕቃው ስም ቢጠፋ ሠሪው በጣቱ ይጠቁመዋል፣ ግሡ ከተሳሳተ ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ዕቃው ከተበላሸ ወይም ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።