የአየር ሙቀት መጨመርና የመስኖ ፓምፕ የኤሌክትሪክ ፍጆታ

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ አብዛኛው ገበሬም ሆነ የልማት ሠራተኛ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ዝናብ ነው። ሙቀቱ በኤሌክትሪክ ፍላጎት ላይ የሚያስከትለው ጫና ግን እምብዛም አይወሳም። በከተማ ጭማሪው የሚታየው በማራገቢያና በማቀዝቀዣ ነው፤ በአዋሽና በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ በመስኖ ፓምፕ በኩል ይመጣል።

አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በመሆኑም ከአፈርና ከቅጠል የሚተነው ውኃ ይበዛል። ለምሳሌ የአንድ ሰብል የቀን የውኃ ፍላጎት ከ5 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል፣ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ውኃ ከ50 ወደ 60 ሜትር ኩብ ያድጋል። ውኃው 20 ሜትር ከፍታ የሚሳብና የፓምፑ ከነሞተሩ ብቃት 50 በመቶ ቢሆን፣ የቀኑ ፍጆታ ከ5.5 ወደ 6.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል። በዚያው በጋ የጉድጓዱ ውኃ ወደ 25 ሜትር ቢሸሽ ደግሞ 8.2 ይሆናል። የሰብሉ ፍላጎት በ20 በመቶ ብቻ ጨምሮ የኤሌክትሪኩ ፍጆታ በግማሽ አደገ ማለት ነው።

ችግሩን የሚያከብደው አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከውኃ ኃይል የሚገኝ መሆኑ ነው። ፓምፕ እንዲበዛ የሚያስገድደው ድርቅ ግድቡንም ያጎድላል። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉ ይታወሳል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በዚህ ረገድ ተሳስቷል። ለአንድ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር የፓምፕ ሰዓት ያወጣሁት የቀድሞ ዓመታትን አማካይ ሙቀት ይዤ ነበር። መጋቢት ከተገመተው በላይ ሞቀ፤ ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ሰሞን የማኅበሩም የጎረቤቶቹም ፓምፖች እኩለ ቀን ላይ በአንድነት ተነሡ። ቮልቴጁ ወረደ። ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ብዙ ከረንት ስለሚስብ ይግላል፤ የማኅበሩም ሞተር ተቃጠለ። ሽቦው እንደገና እስኪጠመጠም ድረስ ከማሳው ከፊሉ ደረቀ። ሊቀ መንበሩ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ሰዓቱን ያወጣኸው አንተ አይደለህም?»

ከዚያ ወዲህ በአንድ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ማኅበራት ተራ እንዲገቡና በሌሊት ወይም በማለዳ እንዲያጠጡ እመክራለሁ፤ በዚያ ሰዓት ትነቱም ያንሳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ መከላከያ መግጠምም አዲስ ሞተር ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። የቆጣሪው ንባብና የጉድጓዱ የውኃ ጥልቀት በየሳምንቱ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ የፍጆታው መጨመር ከውኃው መራቅ ይሁን ከሌላ ምክንያት ለመለየት ይረዳል።