ከወለሉ ሥር «ኳ» የሚለው፤ የአሮጌ ላዳ ኃይል ማስተላለፊያ ምርመራ

የቆመች መኪና አንደኛ ማርሽ ገብቶላት ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ከወለሉ ሥር አንድ «ኳ» ይሰማል። በጉዞ ላይ ነዳጅ ተለቆ እንደገና ሲረገጥም ይደገማል። ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ነዳጅ ሲለቀቅ ደግሞ ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ኃይሉ አቅጣጫ በሚቀይርባት ቅጽበት በመካከል ያለው የላላ ብረት ሁሉ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ተወርውሮ ይጋጫል። ብዙ ባገለገለች መኪና ላይ እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ጥቂት ክፍተት አለው፤ ክፍተቶቹም ይደማመራሉ። የምርመራው ሥራ ከመጠን ያለፈውን ከሌሎቹ መለየት ነው።

ለዚህ አሮጌ ላዳ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ሶቪየት ኅብረት ከጣሊያኑ ፊያት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 በገባችው ውል መሠረት በቮልጋ ዳር በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ተተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም በ1970 ወጡ። መነሻቸው ፊያት 124 ነበር። ንድፉ በመሠረቱ ብዙም ሳይለወጥ ለአስርተ ዓመታት ተመርቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት የሠራውም ይኸው ዝርያ ነው። ላዳ የምትነዳው በኋላ ጎማዋ ስለሆነ ኃይሉ የሚያልፍባቸው አብዛኞቹ ክፍሎች ከሥሯ ተዘርግተው ይታያሉ።

ኃይሉ ከሞተሩ በፍሪሲዮን አልፎ ካምቢዮ ይገባል። ከካምቢዮው ጀርባ በስድስት ብሎን የታሰረ ወፍራም ክብ ጎማ አለ፤ ሦስቱ ብሎኖች ከካምቢዮው፣ ሦስቱ ከረጅሙ ዘንግ ጋር ያያይዙታል። ዘንጉ ራሱ ሁለት ቁራጭ ነው። የፊተኛው ቁራጭ የኋላ ጫፍ በወለሉ መካከል በተሰቀለ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። የኋለኛው በሁለቱም ጫፉ ክሮቸራ አለው፤ ኃይሉንም ለዲፍሬንሻሉ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ሰሚያሶቹና ጎማዎቹ ናቸው። ሙሉው የኋላ አክስል ደግሞ በአራት ቁመታዊ ዘንጎችና በአንድ አግድም ዘንግ ከመኪናዋ አካል ጋር ተይዟል፤ በእነዚህ ዘንጎች ጫፍ ሁሉ ጎሚኒ አለ።

ከሥር ከመግባት በፊት ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀላል። መኪናዋ ስትነሳ ወይም ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲዞር አንዴ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ክሮቸራው፣ ወደ ክቡ ጎማና ወደ አክስሉ ጎሚኒዎች ያመራል። ነዳጅ ሳይነካ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ግን የሞላ፣ የአሞርዛተር ወይም ወለል የሚመታ የማርሚታ ቱቦ ጉዳይ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚመጣም እንዲሁ ከዘንጉ ይልቅ የፍሬኑንና የጎሚኒዎቹን መፈተሽ ይጠይቃል።

ተከታታይ ድምፅ ከሆነ ምቱን መቁጠር ይጠቅማል። በላዳ 2101 ሞዴል ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.3 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የላዳ ጎማ በደቂቃ 540 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ዘንጉ ደግሞ ወደ 2,300 ይጠጋል። በዝግታ ሲነዳ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ምት ከጎማው አካባቢ የመጣ ነው። ለመቁጠር የሚያስቸግር ፈጣን ምት ወይም ወለሉን የሚያርገበግብ ንዝረት ከሆነ ግን ዘንጉን ያስጠረጥራል። ጆሮ ብቻውን ቦታውን በመለየት አይታመንም፤ ዘንጉ ድምፅን እንደ ቧንቧ ስለሚያስተላልፍ ካምቢዮው ጋ የተነሳ ኳታ ከኋላ ወንበር ሥር የመጣ ሊመስል ይችላል። ድምፅ ከኋላ ተሰማ ተብሎ ዲፍሬንሻል የሚፈታው፣ ሲከፋም የሚለወጠው፣ በዚህ የተነሳ ነው።

ፍተሻው የሚደረገው መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ጎማዎቿ ተደግፈውና ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ ስላልሆነ በክሪክ ብቻ ከተነሳች መኪና ሥር አይገባም። ቅደም ተከተሉ ከፊት ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ የሞተሩና የካምቢዮው መያዣ ጎሚኒዎች ይታያሉ፤ በብረት ቀስ ብሎ ሲገፋ ጎማው ከብረቱ ተላቆ ከታየ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እየተወዛወዘ ይመታል።

ቀጥሎ ክቡ ጎማ ነው። ከብሎኖቹ ዙሪያ የሚጀምር ስንጥቅ፣ ያበጠ ጎን ወይም ሞላላ የሆነ ቀዳዳ ካለ ይለወጣል። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካ ሲመጣ ዙሪያውን ጨምቆ የሚይዝ የብረት ቀበቶ አለው። ብዙዎች ቀበቶውን ማሸጊያ መስሏቸው አስቀድመው ይፈቱታል፤ ያኔ ጎማው ይከፈትና ስድስቱ ብሎኖች ከቀዳዳቸው ጋር አልገጥም ይላሉ። ቀበቶው የሚፈታው ብሎኖቹ ገብተው ከጠበቁ በኋላ ነው። በዚያው አካባቢ ዘንጉ እየተንሸራተተ የሚገባበት ጥርስ አለ፤ ግሪስ ካጣ ደርቆ ይይዝና መኪናዋ ስትነሳ በድንገት ሲለቅ ይመታል። ፈውሱ አንዳንድ ጊዜ ግሪስ ብቻ ነው። የመካከለኛው ኩሽኔታ ከተበላ ያጉረመርማል፤ ተሸካሚው ጎማ ከተቀደደ ደግሞ ዘንጉ እየዘለለ ወለሉን ይመታል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ክሮቸራው ነው። ክሮቸራ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ አራት ክንዶቹ እያንዳንዳቸው በትንሽ ኩባያ ውስጥ ይገባሉ፣ በኩባያውና በክንዱ መካከልም መርፌ የሚያካክሉ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረዋል። ግሪሱ ሲያልቅና ውሃና አቧራ ሲገባ መርፌዎቹ ክንዱን ይቦረቡሩታል። የመጀመሪያው ምልክት ኳታ አይደለም፤ መኪናዋ በዝግታ ስትሄድ የሚሰማ፣ ከፍጥነቷ ጋር የሚፋጠን «ሲጥ ሲጥ» ነው። በኩባያው አፍ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ውስጡ ደርቋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ በአንድ እጅ ዘንጉ፣ በሌላው የዲፍሬንሻሉ አገናኝ ተይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዘዛል፤ ከዚያም ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋል። ደህና ክሮቸራ ሁለቱን ወገን አብሮ ያንቀሳቅሳል። አንዱ ተንቀሳቅሶ ሌላው ዘግይቶ ከተከተለ፣ ክፍተቱ የፀጉር ያህል እንኳ ቢሆን፣ ክሮቸራው ይለወጣል። ሲፈታ መርፌዎቹ በክንዱ ላይ የሠሩት ትይዩ ቦይ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል።

ዘንጉ ከመውረዱ በፊት አገናኞቹ ላይ ምልክት ይጫራል። ክሮቸራ በማዕዘን ሲሠራ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ ሁለቱ ክሮቸራዎች የአንዳቸውን ጉድለት ሌላው የሚያካክሰው በተገቢው አቀማመጥ ሲገጠሙ ብቻ ነው። ምልክት ሳይደረግበት የተፈታ ዘንግ ኳታው ጠፍቶ በምትኩ ንዝረት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ዲፍሬንሻሉ የሚመረመረው እነዚህ ሁሉ ነፃ ከወጡ በኋላ ነው። የእጅ ፍሬን ተይዞ ዘንጉ በእጅ ሲዞር ጥቂት መንቀሳቀሱ ጤናማ ነው፤ ጥርሶቹ ዘይት እንዲይዙና እንዳይጣበቁ ክፍተት ያስፈልጋቸዋል። በላዳው ትልቅ ጥርስ ላይ የሚፈቀደው ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካውም በመለኪያ ሰዓት ነው። በዘይቱ ውስጥ የብረት ቁርጥራጭ መገኘት ከእጅ ግምት የበለጠ ማስረጃ ነው። ኳታን ለማጥፋት ተብሎ የፊተኛውን ትልቅ ዳዶ ማጥበቅ በየጋራዡ የሚሠራ ስህተት ነው፤ ከዳዶው በስተጀርባ በልክ የተጨመቀ ቱቦ ስላለ ያለ መለኪያ ከጠበቀ ኩሽኔታዎቹ ከመጠን በላይ ተጨንቀው ይቃጠላሉ።

የፊት ጎማ ነጂ በሆኑት በኋለኞቹ መኪኖች፣ ለምሳሌ በቪትዝ ላይ፣ ይህ ረጅም ዘንግ የለም። መሪ ሲታጠፍ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የውጭውን ሲቪ ጆይንት ያመለክታል፤ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚመታው ደግሞ በአብዛኛው የውስጡ ወይም የሞተሩ መያዣ ነው። የተቀደደ የላስቲክ ሽፋንና በጎማው ውስጠኛ ጎን የተረጨ ግሪስ ነገሩን አስቀድሞ ይናገራል።

ወደ ላዳ ስንመለስ፣ በምርመራው ብዙ ጊዜ የሚረሱት የአክስሉ ጎሚኒዎች ናቸው። ሲበሉ አክስሉ በሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ፊት፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ድምፁም ከክሮቸራው አይለይም። ምርመራው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው መኪናዋን ፍሬን ይዞ በፍሪሲዮን በትንሹ ሲገፋት ሌላው ከጎን ሆኖ ዘንጎቹ በመያዣቸው ውስጥ መንቀሳቀሳቸውን ያያል። አዳዲሶቹ ጎሚኒዎች ከገቡ በኋላ ብሎኖቹ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዎቿ ቆማ ክብደቷን ስትሸከም ነው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ስትወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።