አጭሯ የቀርከሃ መርፌ፤ ዋጋዋ ከመጋጠሚያዋ ላይ ነው

በገበያ ውስጥ መጠናቸው አነስተኛ፣ ሒሳባቸው ግን ቀላል ያልሆነ ዕቃዎች አሉ። ካልሲ፣ እጅጌና ሌሎች ጠባብ ሥራዎችን በእጅ ለመሥራት የሚያገለግለው አጭር ክብ የቀርከሃ መርፌ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሹራብ ክር ጋር አብሮ ለመሸጥ የሚያስብ አስመጪ፣ በቤታቸው ሹራብ ለሚሠሩ ሴቶች መሣሪያ ገዝቶ ሥራ የሚሰጥ ነጋዴ፣ እንዲሁም «ቀርከሃው ከእኛ ዘንድ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚል ባለሀብት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያጤናቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

ክብ መርፌ ሲባል መርፌው ራሱ ክብ ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሹል ዘንጎች በተጣጣፊ የናይለን ገመድ ተያይዘው፣ ሥራው ሳይቋረጥ ዙሪያውን እንዲሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ መርፌ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ለኮፍያ 40፣ ለሹራብ 60 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የተለመደ ሲሆን፣ ለካልሲ የሚሸጠው አጭሩ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውፍረቱም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው።

ጊዜን በገንዘብ ስንተምነው

ከዚህ መርፌ በፊትም ሆነ ዛሬ ካልሲ በእጅ የሚሠራው፣ ሁለቱም ጫፋቸው ሹል በሆነ አምስት አጫጭር መርፌዎች ነው። ሥራው በአራቱ ላይ ይከፈላል፤ አምስተኛው ይሠራል። አንድ ዙር በተጠናቀቀ ቁጥር አራት ጊዜ መርፌ መለወጥ ግድ ይሆናል።

64 ዓይን ያለውን የአዋቂ ካልሲ ለምሳሌ እንውሰድ። ተረከዙንና የጣቱን ጫፍ ትተን 120 ዙር ቢኖረው፣ ለአንድ ካልሲ 480፣ ለአንድ ጥንድ 960 ጊዜ መርፌ ይለወጣል ማለት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ 3 ሴኮንድ ቢፈጅ 48 ደቂቃ ይሆናል። አጭሩ ክብ መርፌ ይህን ጊዜ ያስቀራል። ነገር ግን በዚሁ ጥንድ ላይ 15,360 ዓይን መሠራቱ አይቀርም። በደቂቃ 30 ዓይን የምትሠራ ሴት ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። ስለሆነም መርፌው የሚያተርፈው ጊዜ ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የእጅ ካልሲ፣ በማሽን በደቂቃዎች ከሚያልቀው ካልሲ ጋር በዋጋ ሊፎካከር አይችልም፤ የትኛውም መርፌ ይህን አይለውጠውም። ገበያው ስጦታ የሚፈልግና ለእጅ ሥራ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ነው። ሥራ ሰጪውም ለአንድ ጥንድ የሚከፍለውን ሲወስን ስምንት ሰዓት ተኩሉን ሊዘነጋ አይገባም።

የማይሠራበት ቦታ

አስመጪውን ሊያሳስት የሚችለው ነገር «ለትናንሽ ሥራዎች» የሚለው መግለጫ ነው። ሹራብ የሚለጠጥ በመሆኑ ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአዋቂ ካልሲ በ23 ሳንቲ ሜትር መርፌ ላይ ይዘረጋል። ዙሪያው 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሕፃን ካልሲ ግን ሊዞርበት አይችልም። የሕፃናት ልብስ ሠሪዎችን አስቦ በብዛት ያስመጣ ነጋዴ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል። በአዋቂው ካልሲም ቢሆን የጣቱ ጫፍ እየጠበበ ሲሄድ ዓይኖቹ መርፌውን ማዳረስ ስለሚያቅታቸው ወደ አምስቱ መርፌዎች መመለስ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ዘንጎቹ እጅግ አጭር በመሆናቸው እጃቸው ትልቅ የሆነ ሰዎች ቶሎ ይደክማቸዋል።

ቀርከሃ ወይስ ብረት ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ክሩ ይለያያል። ቀርከሃ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ለጀማሪና ለሚያንሸራትት ክር ይመረጣል፤ ክብደቱም ቀላል ነው፤ እጅ ላይም አይቀዘቅዝም። ብረት ደግሞ ለፈጣን እጅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀርከሃ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ይጎብጣል፣ ይሰበራልም።

ከሁሉ በላይ መመርመር ያለበት ዘንጉና ገመዱ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። በ64 ዓይን 120 ዙር የሚሠራ ክር ለአንድ ካልሲ ብቻ 7,680 ጊዜ በዚያ ላይ ያልፋል። ጥቂት እንኳ ደረጃ ካለው ክሩ እየተያዘ ሥራው ይጓተታል፤ ሙጫው ከለቀቀ ደግሞ መርፌው ከነጭራሹ ይጣላል። ናሙና ሲቀርብ ቀጭን ክር በመጋጠሚያው ላይ ወዲያና ወዲህ መሳብ፣ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ መጎተት ቀላሉ ፈተና ነው።

የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ፈተና ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ በመሆኑ የተበላሸ ዕቃ ኪሳራው በዚያው ልክ ጨምሯል። ታሪፉም ቢሆን መጣራት አለበት። በዓለም አቀፉ የሸቀጦች አመዳደብ የብረት ሹራብ መርፌ በ73.19፣ የቀርከሃው ግን ከእንጨት ዕቃዎች ጋር በ44.21 ሥር ይታያል። ከትራንዚተር ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

እዚሁ ለማምረት

ዓለም አቀፉ የቀርከሃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት የኢትዮጵያን የቀርከሃ መሬት 1.47 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አድርሶታል። በአዊና በሲዳማ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚበዛው የቆላው ግን በአብዛኛው ድፍን ነው። ለቀጭን መርፌ የሚፈለገው ጭረት ብዙ የሆነበት የውጪው ሽፋን ስለሆነ ጥሬ ዕቃው እንቅፋት አይደለም። እንቅፋቱ በሚገባ የበሰለውን መርጦ መቁረጥ፣ ከነቀዝ መከላከል፣ በደንብ ማድረቅ፣ አንዱን ከሌላው ሳያበላልጡ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ማክበብና ማለስለስ ነው።

ክብ መርፌ ከዚህ ሁሉ በላይ መጋጠሚያን ይጠይቃል። ከዚያ መጀመር ደግሞ ከጣሪያው እንደ መጀመር ነው። ኪሮሽና አምስቱ አጫጭር መርፌዎች ግን መጋጠሚያ የላቸውም። የሕፃን ካልሲም ሆነ የጣት ጫፍ በአምስቱ መርፌዎች ይሠራል። ስለዚህ አስመጪው አጭሩን ክብ መርፌ በጥቂቱ፣ ናሙናውን ፈትኖ ቢያመጣ፤ አምራቹም ከአምስቱ ቢጀምር ሁለቱ በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ይሸጣሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ገበያ አይዘጋም።