ዲትሮይት ኤሌክትሪክ፦ ከሠረገላ ሥራ ወደ ባትሪ መኪና

ዲትሮይት ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1939 በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ይመረት የነበረ የባትሪ መኪና ነው። በእነዚህ ዓመታት 13,000 ያህል መኪኖች ተሠርተዋል። በዘመኑ ከነበሩት የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቾች መካከል ብዙ ያመረተውም፣ ብዙ ዘመን የቆየውም ይኸው ኩባንያ ነው።

መሥራቹ ዊልያም አንደርሰን በሙያው ሠረገላ አምራች ነበር። በ1884 በሚሺጋን ግዛት በፖርት ሂውረን ከተማ ሥራ ጀመረ፤ በ1895 ወደ ዲትሮይት ተዛወረ። ፋብሪካው እንጨት የሚያለዝቡ፣ ቆዳ የሚለብጡና ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች ስለነበሩት የመኪናውን አካል ለመሥራት አልተቸገረም። የጎደለው የራሱ የሞተር ፋብሪካ ነበር። ይህንንም በ1909 የክሊቭላንዱን ሞተር አምራች ኤልዌል ፓርከርን በመግዛት አሟላ። በ1911 ስሙ ከ«አንደርሰን ካሬጅ» ወደ «አንደርሰን ኤሌክትሪክ ካር» ተለወጠ፤ በ1919 ደግሞ መኪናው የሚታወቅበትን ስም ኩባንያውም ወሰደው።

ባትሪዎቹ ከፊትና ከኋላ ባሉት ኮፈኖች ሥር ይደረደራሉ። አሽከርካሪው ዙር መሪ በመጨበጥ ፋንታ መኪናውን በአግድም ዘንግ ይመራል፤ ፍጥነቱን የሚለዋውጠው በሌላ እጀታ ነው። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኩባንያው በአንድ ቻርጅ 130 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ያስተዋውቅ ነበር፤ በአንድ ሙከራ ግን 340 ኪሎ ሜትር ሄዷል። መደበኛው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ሲሆን፣ ከ1911 ጀምሮ 600 ዶላር የጨመረ ገዢ የቶማስ ኤዲሰንን የኒኬልና የብረት ባትሪ ማግኘት ይችል ነበር።

የዚያን ጊዜ ቤንዚን መኪና ለማስነሣት ማኖቬላ በእጅ ማዞር ግድ ነበር፤ ማኖቬላው ወደኋላ ሲመታ ክንድ የሚሰብርበትም ጊዜ ነበር። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ወዲያው ይነሣል፤ አይጮህም፣ አያጨስም። ስለዚህ በከተማ ሴቶችና በሐኪሞች ዘንድ ተወደደ። የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳ የባሏ ፋብሪካ የቤንዚን መኪና እያጎረፈ ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ትነዳ ነበር። በ1914 የተሠራው መኪናዋ ዛሬ በዲርቦርን በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ይገኛል።

ገበያው ያበበው በ1910ዎቹ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ መኪና ይሸጥ ነበር። ነገር ግን በ1912 ካዲላክ ሞተሪኖ ያለው መኪና ሲያወጣ ማኖቬላ የማዞሩ ጣጣ ቀረ፤ የኤሌክትሪኩም ዋነኛ ብልጫ አብሮ ቀረ። በ1916 የፎርድ ሞዴል ቲ ዋጋ ወደ 360 ዶላር ሲወርድ፣ የአንደርሰን መኪና ግን በሺዎች ዶላር የሚገዛ የሀብታም ዕቃ እንደሆነ ቆየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቤንዚን ዋጋ መናሩ ሽያጩን ለጊዜው ቢደግፈውም፣ በ1920ዎቹ ገዢው እየሳሳ ሄደ።

ከ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ ኩባንያው ከሰረ። አዲስ ባለቤት ተረክቦት በትእዛዝ ብቻ ጥቂት መኪኖችን መሥራቱን ቀጠለ፤ አካላቸውንም ከዊሊስና ከዶጅ እየወሰደ ይጠቀም ነበር። የመጨረሻው መኪና ለገዢ የተላከው በ1939 ነው።